ምንም ካልተሰማኝ ትንሽ ብቀምስ ምን አለበት?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክር የከፈተችው ልጅ ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት በሽታ እንዳለባት ያወቀችው ሆዷን አሟት አይደለም። ደሟ አልሞላ ብሎ ነው። የብረት ኪኒን ስትወስድ ከፍ ይላል፣ ስታቆም ተመልሶ ይወርዳል። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ሐኪም ጠርጥሮ የደም ምርመራ አዘዘላት። ቀጥሎ በካሜራ ታይታ ከትንሹ አንጀቷ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሴሊያክ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ስንዴም ገብስም ራይ የሚባለው እህልም አይገባም።

ችግሩ ከቤት ስትወጣ ነው። ልደት ላይ ኬክ ይቆረሳል፣ ሥራ ቦታ ብስኩት ይዞራል፣ እሷም ትንሽ ትቀምሳለች። ሌላው ታማሚ በአንዲት ፍርፋሪ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰቃይ ትሰማለች፤ እሷ ግን ምንም አትሆንም። ሰውነቷ ካልተቆጣ አልፎ አልፎ መቅመሷ በእርግጥ ይጎዳታል ወይስ ሐኪሞች ያካብዳሉ? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

ክሩ ረጅም ነው። እኔ ከዳር ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እንደ አመጣጡ ልንገራችሁ።

1. የመጀመሪያዋ መላሽ ሞቅ ባለ ሰላምታ ተቀበለቻትና በአጭሩ አይሆንም አለቻት። ለምን እንደማይሆን አላብራራችም። ከልቧ መሆኑ ግን ያስታውቃል።

2. ማብራሪያው የመጣው ቁጥር ከሚወድ ሰው ነው። ሴሊያክን እንደ ሆድ ሕመም ብቻ ማየት ስህተት ነው ብሎ ጀመረ። በስንዴ፣ በገብስና በራይ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ማለትም ግሉተን፣ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ትንሽ አንጀቱን ያጠቃል። ምግብ የሚመጥጡት እንደ ጣት የቆሙ ጥቃቅን የአንጀት ክፍሎች እያጠሩ ይሄዳሉ፣ ሲብስም ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ብረት የሚመጠጠው በአብዛኛው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። ጉዳቱ የሚበረታውም እዚያው ነው። ስለዚህ ደም ማነሷ ራሱ የበሽታው ምልክት ነው፤ ምንም አልተሰማኝም የሚለውን ከዝርዝሯ አውጪው አላት።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የጣልያን ጥናት አመጣ። አመጋገባቸውን በደንብ ይጠብቁ የነበሩ ታማሚዎች በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለሦስት ወር ሲሰጣቸው አንጀታቸው ላይ ጉዳት ታየ። አንድ ቁራጭ ዳቦ 2 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ግሉተን አለው። ያ ማለት 50 ሚሊግራም የዚያች ቁራጭ አርባኛ እጅ ነው። እሷ ቀመስኩ የምትለው ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

እኔ ብሆን ክሩን እዚህ ላይ እዘጋው ነበር።

3. ሦስተኛዋ ቁጥር 2ን በትህትና አረመችው። ጥናቱ በየቀኑ ስለሚገባ ግሉተን ነው፤ በወር አንዴ ስለሚቀመስ ኬክ ምንም አይልም። ልክ ናት። ግን እሷም ብትሆን ቅመሺ አላለችም። በወር አንዴ ይህን ያህል ብትበሉ ችግር የለውም ብሎ ልክ ያስቀመጠ ሐኪም የለም። ደግሞ አልፎ አልፎ የሚሉት ነገር ሳይታወቅ በየሳምንቱ ይሆናል።

4. አራተኛው በአንድ እጁ እየጻፈ ስለሆነ ለፊደል ግድፈቱ ይቅርታ ጠየቀ። እሱም ሆዱን አሞት የማያውቅ ታማሚ ነበር። ቅዳሜና እሁድን ለራሱ ፈቅዶ ይበላ ነበር። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተንሸራቶ እጁን መሬት ላይ ደገፍ አደረገ። ይኸው ነው፤ አንጓው ተሰበረ። ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ባለ ቀላል አወዳደቅ አጥንት አይሰበርም ብሎ የአጥንት ጥግግት አስለካው። አጥንቱ ሳስቷል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሲበላ ቢኖርም አንጀቱ በደንብ አይቀበልለትም ነበር። ምክር አልሰጣትም። የሆነውን ነግሯት ወጣ።

5. አምስተኛው አታካብዱ ብሎ ገባ። ሴሊያክ የተባለ ዘመድ አለው፤ በየቀኑ ዳቦ ይበላል፣ ሸምግሏል፣ ከሁላችሁም ይበረታል። ሕይወት አጭር ናት፣ ብዪ አላት።

6. ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የጋለው። ስድስተኛዋ ዘመድህ በምን ተመርምሮ ነው ሴሊያክ የተባለው ብላ አፋጠጠችው። በዘር ምርመራ ብቻ ከሆነ በሽታው አለበት ማለት አይደለም። ዲኪው 2 እና ዲኪው 8 የሚባሉትን ዘረ መሎች ከ100 ሰው ከ30 እስከ 40 የሚሆነው ይዟቸው ይዞራል፤ ከነዚህም አብዛኛው ዕድሜ ልኩን አይታመም። በሴሊያክ የሚያዘው ከጠቅላላው ሕዝብ ከ100 አንድ ገደማ ነው። ዘመድየው እስከ ዛሬ መቆማቸው ምርመራ እንዳልሆነም ጨመረችለት። አነጋገሯ ጠንከር ያለ ነበር። ያነሳችው ነጥብ ግን መልስ አላገኘም።

7. ከ5 ጋር ወግነው ሐኪሞችን የሚሰድቡ ሁለት ሦስት አጫጭር መልእክቶች ተከተሉ። አወያዩ አጠፋቸውና በሰባተኛው ቦታ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ።

8. ጠያቂዋ ተመለሰች። ይህን ምላሽ ሁለቴ አነበብኩት። ነገሩ የአምሮት አይደለም አለች። ኬክ ድሮም ያን ያህል አትወድም። የምትሸነፈው በይሉኝታ ነው። ባለቤቲቱ ሳህኑን ይዛ አጠገቧ ቆማለች፤ ለአንቺ ብዬ ስኳር ቀንሼ ነው የሠራሁት ትላለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። እምቢ ካለች ማብራሪያ ይጠየቃል፣ ማብራሪያው ስለ አንጀት ነው፣ ሰው ደግሞ እየበላ ነው። አንድ ጊዜ ቆርሳ ብትውጥ ሁሉም በሰላም ይቀጥላል። ስለዚህ ትውጣለች።

ክሩ ከዚህ በኋላ መልኩን ቀየረ። ይጎዳል አይጎዳም የሚለው ክርክር ቀረና እንዴት እምቢ ይባላል የሚለው ተተካ። እውነቱን ለመናገር የተከለከለውን ዝርዝር መያዝ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከባዱ ይኼኛው ነው።

9. ልጇ ሴሊያክ ያለበት እናት ለዚህ ዘዴ አላት። ከግብዣው በፊት ትደውላለች። ምን ትሠራላችሁ ብላ ሳይሆን፣ ልጄ የራሱን ይዞ ይመጣል፣ ቅር እንዳይላችሁ ብላ። የሚይዘውም በመልክ ከሌላው ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው። ኬክ ከሆነ ኬክ። ሰው ፊት የሚያሳፍረው የተለየ መብላት ሳይሆን ባዶ ሳህን ይዞ መቀመጥ ነው ትላለች። አስተማሪው ጋም ግሉተን የሌለው ከረሜላ በዕቃ አስቀምጣለች፤ ድንገት የክፍል ልደት ቢመጣ ልጇ እንዳይቀርበት። ደግሞ ለሕፃናት ወላጆች አንድ ነገር አስታወሰች፤ ልጆች እንደ ጭቃ የሚጫወቱበት ባለ ቀለም ሊጥ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከስንዴ ነው። መንካቱ ችግር የለውም፤ ችግሩ ጣታቸው አፋቸው ውስጥ መግባቱ ነው።

10. አሥረኛው ምን ያስለፋችኋል ባይ ነው። እሱ ምግብ ቤት ሲገባ አለርጂ አለብኝ ይላል፤ በቃ። ሴሊያክ ሲል አስተናጋጁ ያፈጥበታል፣ አለርጂ ሲል ወጥ ቤቱ ይደነግጣል።

11. አስተናጋጅ የነበረች ሴት ተቆጣች። አለርጂ ያለው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ ሴሊያክ ሌላ በሽታ ነው፣ እንደዚያ አይገድልም። እሷን የሚያናድዳት ግን ሌላ ነው። አለርጂ አለብኝ ብሎ ወጥ ቤቱን ሙሉ ያሯሯጠው እንግዳ መጨረሻ ላይ ቢራ ያዛል። ቢራ የገብስ ብቅል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እውነተኛ ታማሚ ማን ያምነዋል? 10 እኔ ቢራ አልጠጣም ብሎ ተከላከለ። እሷም አንተን አላልኩም አለችው። ለሁለት ይህን ያህል ተባብለው ተውት።

12. ከቤት ውጪ ያለው ሲያልቅ ወደ ማዕድ ቤት ተገባ። ከማይታመም ቤተሰብ ጋር የምትኖር ሴት ሁሉን ዘረዘረችው። ቶስተሩ ለየብቻ ነው፣ ውስጡ ያለውን ፍርፋሪ ማንም አያጸዳውም። የፓስታ ማጥለያው ለየብቻ ነው፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚደርቀው ነጭ ሙጫ የስንዴ ነው። የእንጨት ማማሰያዋ እጀታ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠምጥማለች፤ ያንን ሌላ ሰው አይነካውም። ትልቁን ጦርነት ግን ያካሄደችው በማርማላታ ብልቃጥ ነው። ባሏ ዳቦው ላይ የቀባበትን ቢላ መልሶ ይነክረዋል። ብልቃጡን ብርሃን ላይ ብታዪው ፍርፋሪው ይታይሻል አለች። አሁን ሁለት ብልቃጥ ይገዛሉ።

13. ይህን ያነበበ አንዱ አፌዘ። ባልሽንስ ስትስሚው አፉን ታጥበሽ ነው ወይ አላት።

14. በአሥራ አራተኛው ነርስ ነኝ ያለች ሴት ገባች። ለሁለቱም መለሰችላቸው፤ ለ12 በጎ በጎውን፣ ለ13 ደግሞ እንደሚገባው። ግሉተን ጀርም አይደለም፣ ስለዚህ በእሳት አይሞትም። ዳቦ የተጠበሰበት ዘይት ስለፈላ ብቻ አይነጻም። ጀርም ባለመሆኑ ደግሞ በአልኮል ማሸት አይጠቅምም። በሳሙናና በውሃ ግን ይታጠባል። የብረትና የመስታወት ዕቃ በደንብ ከታጠበ ለሁሉም ያገለግላል፣ ሁለት ሁለት ድስት መግዛት አያስፈልግም። ቶስተርና ቀዳዳው የማይጸዳ ማጥለያ ቢለይ ጥሩ ነው። ስለ መሳሙ ሰውየው ዳቦውን በልቶ ውሃ ይጠጣ፣ ይበቃል አለች። 13 ከዚያ ወዲህ አልታየም።

15. የአጃ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ መጣ። አንዱ አጃ ግሉተን የለውምና እንደ ልብ ብሉ አለ።

16. ሌላዋ መርዝ ነው፣ እሷ ልትሞት ነበር አለች።

17. ነርሷ ተመልሳ አስታረቀቻቸው። አጃ በራሱ የስንዴው ዓይነት ፕሮቲን የለውም፣ አቬኒን የሚባል የራሱ አለው። አብዛኛው የሴሊያክ ታማሚ ንጹሕ አጃ ይስማማዋል፤ ጥቂቶች ግን አቬኒኑም ያስቆጣቸዋል። ንጹሕ የሚለው ላይ አሰመረችበት። ተራ አጃ ከስንዴና ከገብስ ጋር በአንድ ማሳ፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ ወፍጮ ያልፋል። ስለዚህ ግሉተን የሌለበት ተብሎ ያልተለጠፈበት አጃ አይበላም። አዲስ የታወቀባት ሰው ደግሞ መጀመሪያ አንጀቷ ይረጋጋ፣ ከዚያ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ትሞክረው። 16 አልተዋጠላትም፤ ሰውነቷን የምታውቀው እሷ ናት። እሱም እውነት ነው። ከጥቂቶቹ አንዷ ልትሆን ትችላለች።

18. ቀጥሎ ስለ መለያ ጽሑፍ ብዙ ተባለ፤ የሚረባውን ብቻ ልንገራችሁ። ስንዴ የለውም ማለት ግሉተን የለውም ማለት አይደለም፤ ገብስ ወይም ራይ ሊኖረው ይችላል። ኩስኩስና ቡልጉር ስማቸው ቢለይም ስንዴ ናቸው። ሶይ ሶስ ብዙ ጊዜ ስንዴ አለበት። ብቅል የሚል ካዩ መልሰው ያስቀምጡ። ኪኒንም ቢሆን ስታርቹ ከምን እንደተሠራ ፋርማሲስቱን መጠየቅ አይከፋም። በብዙ አገሮች ግሉተን የሌለበት ለመባል ከፍተኛው ልክ በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። ቁጥር ወዳዱ 2 ይህን ሲያይ አላስቻለውም፤ እዚያው ጫፍ ላይ የደረሰ ምግብ እንኳ ቢሆን 10 ሚሊግራም ግሉተን ለመግባት ግማሽ ኪሎ መብላት ይጠይቃል ብሎ አሰላው። ጠቃሚ ስሌት ነው። ከመለያው ጋር የሚጨቃጨቁትን ሁሉ ዝም አሰኘ።

19. አንዱ ግሉተን የሚፈጭ ኪኒን አለኝ፣ ከኬኩ በፊት አንድ ከዋጥሽ ያለ ሐሳብ ትበያለሽ አለ፤ በውስጥ መስመር አናግሪኝ ብሎም ጨመረ።

20. ተረባረቡበት። 4 በአንዷ እጁ ረጅም ጻፈ። እስካሁን ከግሉተን መራቅን የሚተካ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ላራዞታይድ የተባለው ብዙ ተስፋ ተጥሎበት የመጨረሻው ትልቅ ሙከራ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2022 ተቋረጠ። ትልልቅ ኩባንያዎች ያላገኙትን አንተ በውስጥ መስመር ትሸጣለህ ወይ አለው። ሻጩ ታገደ።

21. ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ታሪክ ሸሸ። አንድ አንባቢ የስንዴን ነገር ያገኘው ቪለም ካሬል ዲከ የሚባል የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው ብሎ አወጋ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት ረሃብ ገብቶ ዳቦ ሲጠፋ የታመሙት ልጆች ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። በዚያው ነቃ።

22. ሌላው አረመው። ዲከ ስንዴን የጠረጠረው ከጦርነቱ በፊት ነው፤ በ1930ዎቹ ስንዴ የሌለበት ምግብ መሞከር ጀምሮ ነበር። ረሃቡ ጥርጣሬውን አጠናከረለት እንጂ አልወለደለትም። ከዲከ በፊት አሜሪካዊው ሲድኒ ሃስ ሕፃናቱን በሙዝ ያክም እንደነበርም ጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ነው ያሳተመው። ልጆቹ ዳቦ ስለተከለከሉ ዳኑ፣ ምስጋናውን ግን ሙዙ ወሰደው። ከርዕሱ የወጣ ቢሆንም ከክሩ ሁሉ ይህ ደስ አለኝ።

23. ግሉተን ከተውኩ ወዲህ ወፍሬያለሁ ያለችም አለች። የታሸገው ግሉተን አልባ ብስኩት ብዙውን ጊዜ ስኳርና ስብ ይበዛበታል፣ ቃጫው ያንሳል። አንጀቱም እያገገመ ስለሆነ የበሉትን መቀበል ይጀምራል። ሩዝ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አትክልት ሲፈጠሩም ግሉተን የላቸውም፤ መለያ መፈለግ አይጠይቁም ብለው መለሱላት።

24. ጠያቂዋ ከቆይታ በኋላ ብቅ አለች። በዚህ መሀል የክትትል የደም ምርመራ አድርጋለች። በሴሊያክ ጊዜ ደም ውስጥ የሚጨምረው ቲቲጂ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ከመጀመሪያው ወርዷል፣ ግን አሁንም ከልኩ በላይ ነው። ሐኪሟ ውጤቱን አይቶ ምን እየበላሽ ነው አላት። ስለ ኬኩ ነገረችው። አልተቆጣም፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋ ላካት።

25. ነርሷ ቁጥሩን አፍታታችላት። ቀስ እያለ የሚወርድ ነው፤ ወደ ልኩ ለመመለስ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጅባቸው አሉ። ቆሞ ከቀረ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳያውቁት ወይም እያወቁ የሚገባ ግሉተን ነው። ደግሞ ወደ ልኩ ሲመለስ ድኛለሁ ብላ እንዳትዘናጋ አሳሰበቻት። ደሙ ጥሩ ሆኖ አንጀቱ ገና ያላገገመ ብዙ አዋቂ አለ።

26. 5 ተመልሶ መጣ። ጠብ ጠብቄ ነበር። ዘመዱን ጠይቋቸው፤ ለካ ናሙናም የደም ምርመራም የለም፣ ጎረቤት ነው ሴሊያክ ያላቸው። ይህን ጽፎ ሄደ። 6 ምንም አላለችውም።

27. ጠያቂዋ የመጨረሻ ጥያቄ አላት። ሐኪሟ የቅርብ ቤተሰቦቿም ይመርመሩ ብሏል፤ በወላጅ፣ በልጅና በእህት ወንድም ላይ ዕድሉ ከ10 አንድ ገደማ ይደርሳል። አብሯት የሚኖረው ወንድሟ ፈቃደኛ ነው። ችግሩ እሷ ብቻዋን እንዳትሆን ብሎ እሱም ዳቦ ትቷል። ይኸው ከረመ።

28፣ 29 እና 30። ሦስት ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር ጻፈ፤ ዳቦውን መልሶ ይብላ። ግሉተን ያቆመ ሰው ደሙም ናሙናውም ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ምርመራው ዋጋ እንዲኖረው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ለሳምንታት በየቀኑ መብላት አለበት። መልካምነቱን ግን ሁሉም አደነቁለት።

31. እና የእሱን ዳቦ የት ላስቀምጥ አለች ጠያቂዋ።

32. 12 መለሰችላት። ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከራሱ ቢላ ጋር። ፍርፋሪ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይወድቅም። ማርማላታውንም ለየብቻ ግዙ።